በፍቺ የተማለበት መነጽር

በተሰደድንበት አገር ጦርነቱ ሳይጀመር፣ እኔና ባለቤቴ አል-ጣኢፍ በሚባል ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ተቀጥረን ነበር፤ እኔ የቤት ሠራተኛ፣ እሱ ሾፌር። ባለቤቴ በራሱ ጥፋት እንደተጎዳ አሠሪያችን ማዳም ዛሬም ታወራለች አሉ። የሆነው እንዲህ ነው።

ሰውየው፣ የማዳም ባል፣ ወደ ድንበሩ ጫካ ጎሽ ሊያድን ተነሣ። ባለቤቴም መኪናውን ነድቶ፣ ከዚያ በእግር አብሮት ሊገባ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ አዳኝ ጓደኛው ከባድ ጠመንጃና ሁለት የማነጣጠሪያ መነጽሮች አምጥቶ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ዘረጋ። ሻይ እያቀረብኩ ሰማኋቸው። ጓደኛው ትንሹን መነጽር ያዝ ይለዋል። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ጎሹ ቅርብ ስለሚሆን አጉልቶ በሚያሳየው በትልቁ ካየኸው ጥቁር ቆዳ ብቻ ነው የሚታይህ፣ ትከሻውን ከሆዱ አትለየውም አለው። ሰውየው ግን ትልቁን አንሥቶ በመስኮት የጎረቤት ጣሪያ ያያል።

«ጎሽ ልትገድል ነው ወይስ ጨረቃ ልታይ?» አለው ጓደኛው።

እንግዶቹ ሳቁ። የሰውየው ፊት ተለወጠ።

«ዐለይ ጠላቅ፣ ከዚህ ሌላ አልይዝም።»

እዚያ አገር ወንድ በፍቺ ከማለ አለቀ። መሐላውን ካፈረሰ ሚስቱ እንደተፈታች ይቆጠራል። ለምሳ ግብዣም ይምሉበታል፤ የዚያን ቀኑ ግን በባለቤቴ ነፍስ ላይ የተማለ መሰለኝ።

ባለቤቴን አትሂድ አልኩት። ሥራችንም ማደሪያችንም በሰውየው እጅ ነው አለኝ። ማዳም ዘንድ ሄጄ ባሏን እንድታግባባው ለመንኳት።

«ለአንድ መነጽር ብዬ ትዳሬን ላፍርስልሽ?» አለችኝ።

እንግዲያው ባሌን ያስቀርልኝ አልኳት። እግሯን ሒና እያስቀባች «ኢንሻላህ» አለች። እዚያ ቤት ኢንሻላህ እምቢ ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር።

ከሄዱ በኋላ ስልካቸው አልሠራ አለ። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ሮጬ እከፍት ነበር። ሲመለሱ መኪናውን የሚነዳው ሌላ ሰው ነው። ባለቤቴ ከኋላ ወንበር ላይ ተጋድሟል። ሰውየው ጎሹን ሆዱ ላይ መትቶ፣ ደሙን ተከተል ብሎ ልኮት፣ የቆሰለው ጎሽ ዞሮ ዳሌውን ሰብሮታል። ማዳም በሩ ላይ ባሏን የጠየቀችው መነጽሩን ቀይሮ እንደሆነ ብቻ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ ሰውየው አልጋው አጠገብ ቆሞ፣ ከአላህ የተጻፈ ነው አለ። ባለቤቴ በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ። በማግሥቱ ዕቃችንን ከቤታቸው ሸክፌ፣ ያገሬ ሰዎች በሚበዙበት ሰፈር፣ ዴም ውስጥ፣ ክፍል ተከራየሁ። ባለቤቴን ከሆስፒታል ያስወጣሁት ወደዚያ ነው።