ከሰርጉ በፊት መርፌ

የትልቋ ልጄ ሰርግ ሊደርስ ሲል የታናሿ ጉልበት እንደገና አበጠ። የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ከያዛት ወዲህ እንዲህ እየተመላለሰ ያሠቃያታል።

በክረምቱ ደሴ ወስጃት፣ ሐኪሙ ጉልበቷ ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ ወግቷት ነበር። ብዙም ሳይቆይ እብጠቱ ጠፋ፤ ሶላት ስትሰግድ ያለ ወንበር ተንበረከከች። እኔ ግን ከመጋረጃው ኋላ ጆሮዬን ጥዬ አዳምጥ ነበር። ስትነሳ ጉልበቷ እንደ ደረቅ የማሽላ አገዳ ቋ ይላል።

ሐኪሙ ያለኝ ከልቤ አልወጣም። «መርፌው እብጠቱን ያበርዳል። አጥንትና አጥንት እንዳይፋጭ የሚከላከለው ልስልስ ነገር ግን አንዴ ከተበላ በመርፌ አይመለስም። ቶሎ ቶሎ ከተወጋች ደግሞ መርፌው ራሱ ሊጎዳው ይችላል።»

አሁን ልጅቷ እዚሁ ከሚሴ፣ ሳይመረምር የሚወጋ ሰው አግኝታለች።

«ማሎ እማ፣ አንዴ ብቻ! ለእህቴ ሳልጨፍር ልቅር?»

«ሐኪሙ ሳያይሽ አይሆንም።»

«ባለፈው አሽሎኝ የለ? አንቺ ሁሉንም ትፈሪያለሽ!»

አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ እንደ ሐኪሙ ማስረዳት አልችልበትም።

በዚህ መሃል ከብት ነጋዴው አባቷ ከሰንበቴ ገበያ ገባ። ክርክራችንን እየሰማ እግሩን ታጥቦ ሲጨርስ፣ «ያን ቀይ በሬ ረሳሽው?» አላት።

ገበያው ላይ ቀጥ ብሎ ሲራመድ አይቶ የገዛው በሬ ነበር። ለካ ሻጩ ማለዳ የሕመም ማስታገሻ አስወግቶታል። በሬው ሕመሙ ስላልተሰማው ያን ሁሉ መንገድ በታመመ እግሩ እየረገጠ መጣ። በማግስቱ መነሳት አቃተው።

«ወላሂ አባ፣ ከበሬ ጋር አስተካከልከኝ!»

«በሬው እንኳ ውጉኝ ብሎ አልለመነም።»

ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። እሺ ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሲነጋ ደሴ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ጉልበቷን ነካክቶ፣ «ለመርፌ ገና ነው» አለ። የምትውጠውን መድኃኒት ለወጠላትና፣ እስኪበርድላት እንዳትጨፍር አስጠነቀቃት። እስከ ከሚሴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ መጣች።

የሰርጉ ዕለት ወንበር ላይ ተቀምጣ አጨበጨበች። ጓደኞቿ እጇን ሊስቡ በመጡ ቁጥር ከመቀመጫዬ ብድግ እል ነበር። እሷ ግን እኔን በቁጣ እያየች፣ «ተዉኝ፣ አልነሳም» ትላቸዋለች። ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ያያል፤ እኔ ከታናሿ ቀሚስ ሥር ያንን ጉልበት ስጠብቅ ዋልኩ።