ለቦቢ የተተከለው ድንኳን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ነው፤ ድሬ በሙቀት በምትነድበት በሰኔ ወር። ከዚያ ቀን ወዲህ የዕድር ድንኳን ሲተከል ባየሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ለቅሶ ቤት የሚስቅ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

የምኖረው እትዬ ዘነቡ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። እትዬ ዘነቡ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ባሏ የባቡር ሠራተኛ የነበረ ሴት ናት። አንቱ ካልኳት ትቆጣለች፤ «አቦ፣ አታስረጀኝ» ትላለች። ግቢው ውስጥ ያለነው እሷና እኔ ብቻ ነን። ሚስትም ልጅም የለኝም፤ ያለኝ ቦቢ የሚባል ቡናማ ውሻ ነው።

የቦቢ ጥፋት አንድ ነው። የወደደውን ሰው በኋላ እግሮቹ ቆሞ ያቅፋል። ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ደግሞ እትዬ ዘነቡን ነው። ከቤተ ክርስቲያን በተመለሰች ቁጥር ነጭ ቀሚሷ ላይ ሁለት ማኅተም ያሳርፍባታል። አንድ እሁድ ጭራሽ ገፍትሮ መሬት ላይ ዘረጋት።

«ጀልዴሳ ወርጄ ልጄ ጋ ሁለት ሳምንት እቆያለሁ» አለችኝ ወገቧን ይዛ። «ስመለስ ሥርዓት ይዞ ካልጠበቀኝ ሐርላ መንደር ፍየል ለሚያረባ ሰው እሰጠዋለሁ። ጨርሻለሁ።»

እትዬ ዘነቡ ጨርሻለሁ ካለች ጨርሳለች። እኔ ደግሞ ከሥራ ስገባ በሩ ላይ የሚጠብቀኝ ከቦቢ ሌላ ፍጡር የለም።

በስልኬ ስፈልግ የውጭ ሰዎች ውሻቸውን በጎማ ሲያሾልኩ፣ በእንጨት ላይ ሲያዘልሉ፣ በመጨረሻም «ቁጭ» ሲሉት ቁጭ ሲል አየሁ። የሚጠቀሙበት ዕቃ ውድ ነው። እኔ ግን የፋብሪካ ቴክኒሻን ነኝ። የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩና ሥራ ጀመርኩ። ከጎሚስታው የተጣለ የአይሱዙ ጎማ ለምኜ ግቢው ውስጥ ያለው ኒም ዛፍ ላይ ሰቀልኩ። ከቀፊራ ገበያ ባዶ የእህል ማዳበሪያ አምጥቼ፣ በፕላስቲክ ቱቦ ቀለበት ላይ ሰፍቼ፣ መሹለኪያ ዋሻ ሠራሁ። የቲማቲም ድልህ ጣሳዎችን ሲሚንቶ ሞልቼ የውሃ ቱቦ ተከልኩባቸው፤ ቦቢ በመሀላቸው እየተጠማዘዘ እንዲያልፍ ነው። ለሽልማቱ የምስር ሳምቡሳ ገዛሁ፤ ከሥጋ ይረክሳል።

ቦቢ ሳምቡሳውን በላና ጥላ ፈልጎ ተኛ። አልፈርድበትም፤ በዚያ ፀሐይ እኔም ብተኛ ደስ ይለኝ ነበር። በአሥር ቀን ውስጥ የዛፉ ጥላ የሚያገኘውን ጎማ ማለፍ ለመደ። ዋሻው አጠገብ እንኳ አልደርስም አለ። ሳምቡሳ የተጠቀለለበት ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ከሰማ ግን ቀጥ ብሎ ቁጭ ይላል።

ችግሬን ለአብዲ ነገርኩት። አብዲ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ የሰፈራችንን ዕድር ዕቃ የሚይዘውም እሱ ነው።

«ጥላ ነው እንዴ የቸገረህ?» አለኝ። «ወላሂ፣ እኔ ጋ ድንኳን ሞልቶ።»

ቅዳሜ ጠዋት የዕድሩን ድንኳን ከነብረቱ፣ ለመዝለያ የሚሆን ሁለት አግዳሚ ወንበር ጨምረን፣ በጋሪ ጭነን ሰፈሩን አቋርጠን መጣን። ግቢው ውስጥ፣ ልክ በሩ ፊት ለፊት ተከልነው። አብዲ ጫቱን ሊገዛ ሄደ። ባለቤቷ በሌለችበት ቤት የዕድር ድንኳን መትከል ምን እንደሚመስል ለሁለታችንም አልታየንም። እኔ የማስበው ስለ ውሻዬ ነበር።

መጀመሪያ የገባችው ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ሴትዮ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ልምምዱን ልታይ የመጣች መስሎኝ ደስ አለኝ። ቦቢን በጎማው አሾለኩላት። እያየችኝ እንባዋ ወረደ። ያኔ ገባኝ።

«እትዬ ዘነቡ እኮ ደህና ናት» አልኳት።

ያን ማለት አልነበረብኝም። በእኛ ዘንድ ሞት በድንገት አይነገርም። ሽማግሌ ተመርጦ መርዶው እስኪነገር ድረስ ለጠየቀ ሁሉ የሚመለሰው «ደህና ናት» ነው። ደህና ናት ባልኩ ቁጥር እትዬ ዘነቡን እየገደልኳት ነበር። ተከትለዋት ለገቡት ጎረቤቶች «ደውሉላት» አልኩ። ተደወለ፤ እንደልማዷ ስልኳ ዝግ ነው። «ድንኳኑ የውሻው ነው» አልኩ። «ምስኪን፣ እንደ እናቱ ነበረች» ተባባሉና ፊቴ ላይ ውሃ ረጩብኝ።

በስምንት ሰዓት ድንኳኑ ሞላ። ተጨማሪ ወንበር መጣ፤ ንፍሮ መጣ፤ ቦቢም ንፍሮ ቀመሰ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን ቱቦዎቼ ላይ ሰቀሉ። የእትዬ ዘነቡ ታናሽ እህት፣ እትዬ ጥሩነሽ፣ ደረቷን እየደቃች ስትገባ ግን ፈራሁ። ስኳር አለባት። «በእናቴ ስም፣ አልሞተችም» እያልኩ ስጠጋት ሁለት ሰዎች ክንዴን ይዘው ጥግ አስቀመጡኝ። ለአብዲ ብደውል ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው፤ አያነሳም። ከእንግዲህ ሐርላ የምንሄደው ከቦቢ ጋር አብረን ነው አልኩ በልቤ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ባጃጅ ደጅ ቆመ። ከውጭ ሌላ ለቅሶ ተሰማ።

«ልጄን! ውሃ የሚያቀብለው እንኳ ሳይኖር! ለውሻ ብዬ አስቀይሜው ሄጄ!»

ድምፁን አወቅሁት። እትዬ ዘነቡ ከቀኗ ቀድማ ተመልሳለች። ከአጥሩ በላይ ድንኳኑን ስታይ የሞትኩት እኔ ነኝ ብላለች። ልክ ነበረች፤ ግቢው ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን፣ እሷ ደግሞ አለመሞቷን ታውቃለች።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ስለ እኔ እንዲህ የጮኸ ሰው የለም። ሮጬ መውጣት ሲገባኝ ቆሜ አዳመጥኩ። አሁንም አፍርበታለሁ፤ ግን ትንሽ ልስማው ብዬ ነው።

በሩን ከፍታ ስትገባ ድንኳኑ ተተራመሰ። ያማተበ አማተበ፤ «አዑዙ ቢላሂ» ያለ አለ፤ ወንበር ተገለባበጠ። እትዬ ጥሩነሽ መሬት ላይ ተቀመጠች። የሱቋ ሴትዮ በማዳበሪያው ዋሻ በአንድ በኩል ገብታ በሌላው ወጣች። ቦቢን አሥር ቀን ለምኜው እምቢ ያለኝን ነገር እሷ በአንድ ትንፋሽ ሠራችው።

እትዬ ዘነቡ እኔን አየችና ለቅሶዋን አቆመች።

«አንተ አልሞትክም?»

«አንቺስ?» አልኳት።

ይሄኔ ቦቢ ከተኛበት ተነሳ። አሁን ያቅፋታል፣ በቃ አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው የተገለበጠውን ወንበር ዘሎ፣ ባርኔጣ በተሰቀለባቸው ቱቦዎች መሀል ተጠማዝዞ፣ እግሯ ሥር ደርሶ ነበር። ቁጭ አለ። ከጭራው በስተቀር ምንም አልተንቀሳቀሰም።

እትዬ ዘነቡ አጥሩ ላይ የተለጠፈውን ሰው ሁሉ አየች። ከዚያ ወደ ቦቢ ጎንበስ አለች።

«በሥርዓት የተቀበለኝ እሱ ብቻ ነው» አለች። «ሐርላ የሚሄድ ካለ እናንተ ሂዱ።»

ወደ እህቷ ሄዳ ስታቅፋት በግራ እጇ የያዘችውን አየሁ። ለመንገድ የገዛችው ሳምቡሳ ነው፤ ወረቀቱ እየተንኮሻኮሸ ነበር። ከእኔና ከቦቢ በቀር ያስተዋለው የለም።

ዕድሩ ተሰብስቦ ቀጣኝ። ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳን የምተክለው እኔ ሆንኩ። የሰፈሩ ሰውም ድንኳን ተሸክሜ ካየኝ ከማልቀሱ በፊት ለአብዲ ደውሎ ያጣራል። ቦቢ ሌላውን ሰው ማቀፉን አልተወም። ስለ ሳምቡሳው ለእትዬ ዘነቡ እስካሁን አልነገርኳትም፤ የምነግራትም አይመስለኝም።

እሷ ግን ባስቀየምኳት ቁጥር አንድ ነገር ትለኛለች። «እኔ አንዴ አልቅሼልሃለሁ፤ ስትሞት አልደግምልህም።»

ድገሚልኝ አልላትም። አንዴ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።