እስከ ነገ ያልተጠበቀ መስታወት

ትናንት በአንድ ጋራዥ በር ሳልፍ የመኪና መስታወት ማጣበቂያ ሸተተኝ፤ ያ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሽታ። ሌላ ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ምን ልንገርህ፣ ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ንዴቱ አልበረደልኝም።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ከአዳማ መቂ በሚኒባስ ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን ሞጆ አካባቢ ከአሸዋ መኪና የተፈናጠረ ጠጠር የፊት መስታወቱን መታው። ስንጥቁ መጀመሪያ የስንዴ ፍሬ አያክልም ነበር። አባቴ ፕላስተር ለጠፈበትና ሲነዳ ከረመ፤ የአዳማ ፀሐይ ግን በየቀኑ እየሳበ ከዳር እስከ ዳር አደረሰው።

የአጎቴ ልጅ መቂ ላይ በምታገባበት ቀን ጠዋት፣ "ሠርገኛ ይዤ በዚህ መስታወት አልታይም" ብሎ ሊያስቀይረው ሄደ። እኔም አብሬው ነበርኩ።

መስታወት ገጣሚው ረጋ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። አሮጌውን ማጣበቂያ በቢላ ፍቀው፣ ጠርዙን ደጋግመው ጠርገው፣ አዲሱን መስታወት እንደ ሕፃን አቅፈው አስቀመጡት። ዙሪያውን በፕላስተር ከያዙት በኋላ "ቦሩ" አሉ፤ በኦሮምኛ ነገ ማለታቸው ነው። "እስከ ነገ ጠዋት እንዳይነቃነቅ። ማጣበቂያው ሳይዝ ብትነዳው ይወድቅብሃል።"

"እሺ ጋሼ፣ ችግር የለም" አለ አባቴ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ። ከበሩ እንደወጣን ፕላስተሩን ላጠው።

"አባዬ፣ ነገ ነው እኮ ያሉት።"

"አንቺ ደግሞ! ሠርጉ እስከ ነገ ይቆየናል? እግዜር ያውቃል።"

ሁለተኛ አልተናገርኩም። ለዚያ ዝምታዬ ራሴንም ይቅር አላልኩትም።

እናቴ ጋቢና ተቀመጠች። ከኋላ ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ እልልታው ደርቷል። ቆቃን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ከፊት የመጣ ከባድ መኪና በአጠገባችን ሽው ብሎ ሲያልፍ ሚኒባሷ ተናወጠች። መስታወቱ ከላይ በኩል ተላቆ እናቴ ላይ ወደቀ። አባቴ ፍሬን ያዘ፤ ከአስፋልቱ ወጥተን ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ቆምን። እልልታው ተቋረጠ። የእናቴ ድምፅ ብቻ ቀረ፦ "እጄን፣ እጄን!"

ፊቷን ልትሸፍን ስትል ጠርዙ የቀኝ እጇን ጅማት ቆርጦት ነበር። ተሰፋላት። ጣቶቿ ግን ዳግመኛ አልታጠፉም።

ቤታችን በጠያቂ ተሞላ። ሁሉም "እንኳን እግዜር አተረፋችሁ" ይላል። አጎቴ ደግሞ "ያ ሽማግሌ ነው ጉድ የሠራን፤ በደንብ አልገጠመውም። እንከሰዋለን!" እያለ ይፎክራል። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ዝም። ዝም! ደሜ ፈላ።

"ነግረውት ነበር!" ብዬ ጮህኩ። "እስከ ነገ እንዳይነቃነቅ ብለውት ነበር! ቆሜ ሰምቻለሁ!"

አንዲት አሮጊት "ልጅ አባቷን በሰው ፊት!" አሉ። አጎቴ በሩን አሳየኝ። ወጣሁና ከንዴት ብዛት አለቀስኩ።

በማግስቱ አባቴ ብቻውን ወደ ሽማግሌው ሄደ። ምን እንዳላቸው አልነገረንም፤ የክሱ ወሬ ግን በዚያው ቀረ። ሌላውንም መስታወት እሳቸው ገጠሙለት። በነጋታው ጠዋት "አሁን ውሰደው" እስኪሉት ድረስ መኪናዋን በጣቱ አልነካትም። ይሄ ደግሞ ይባስ አንገበገበኝ። መጠበቅ ይችል ነበር ማለት ነው።

ወር ሙሉ ከእሱ ጋር አልተነጋገርንም።

አንድ እሁድ ጠዋት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ስትነሳ፣ ከኋላዋ ቆሞ ሻሿን ሲያስርላት አየሁት። መሪ የለመዱት ወፍራም ጣቶቹ ጨርቁን አገላበጡት፣ ፈቱት፣ እንደገና አሰሩት። በመጨረሻ ወደ ጎን ያዘመመ ቋጠሮ ሠራላት። እሱ ሲወጣ ላስተካክልላት እጄን ሰደድኩ።

በደህናው እጇ ያዘችኝ።

"ተዪው" አለች። "እንደዚሁ እሄዳለሁ።"