ሌንሴ ከመጣች ወዲህ

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ በነቀምት ከእኔ በላይ አባቷን የምትወድ ልጅ ያለች አይመስለኝም ነበር። አባቴ ኮርቻ ሠሪ ነበር። ማታ ማታ እጁ ቆዳ ቆዳ እየሸተተ ምድጃው አጠገብ ይቀመጥና፣ እሸት በቆሎ ፍሙ ላይ እያገላበጠ፣ በኩራዙ ብርሃን የጅብና የቀበሮ ተረት ይነግረኛል፤ ያኔ ጭኑም የእኔ ነበር፣ ተረቱም የእኔ።

ከዚያ ሌንሴ መጣች። አርጆ ውስጥ እናትና አባቷ በአንድ ዓመት የሞቱባት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቴ በጉዲፈቻ ሲወስዳት ሽማግሌዎች ፊት «ከአብራኬ የወጣች ልጄ ናት» ብሎ ማለ፤ ከዚያ መሐላ በኋላ ባዕድ ናት ብሎ መናገር በእኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። እኔ ግን ቀናሁባት። ጭኑን ለሁለት ተካፈልን፤ ስትስቅ እሱም ይስቃል፤ ደግሞ ለእሷ ሲል ተረቱን ከመጀመሪያው ይደግመዋል። ያንን መድገሙን እንደጠላሁት የጠላሁት ነገር የለም።

አንድ ምሽት «ድገምልኝ» ስትለው አላስችል አለኝና «አባትሽ እሱ አይደለም፣ ያንቺ አባት አርጆ ተቀብሯል» አልኳት። አባቴ አልተቆጣኝም። ተረቱን ከመጀመሪያው ደገመላት፤ ይህም ከዱላ ይልቅ አመመኝ። በማግስቱ ሌንሴ ጠፋች። አባቴ ሥራውን ጥሎ ሲፈልጋት ውሎ፣ በአርጆ መንገድ ላይ አግኝቷት፣ በጀርባው አዝሏት ሲመለስ ደጃፍ ቆሜ አየሁ። ማፈር ነበረብኝ፤ እኔ ግን በዚያ ጀርባ ቀናሁ። እኔ ብጠፋስ እንዲህ ይፈልገኛል?

ወዲያው ከቤታችን ጀርባ ያለው ባዶ ጎተራ ውስጥ ገብቼ ተሸሸግኩ። ስሜን ሲጠራ ለመስማት ጠበቅሁ፤ አልጠራኝም። ሲመሽ ጭስ ሸተተኝ። በጎተራው ምርጊት ስንጥቅ ሳይ፣ አባቴ ፍሙን በገል አውጥቶ፣ ጀርባውን ለጎተራው ሰጥቶ ጭቃው ላይ ተቀምጧል፤ ሌንሴ አጠገቡ አለች። ድምፁን ከወትሮው ከፍ አድርጎ ተረቱን ጀመረ። ካፊያ መጣ፤ እሱ አልተነሳም።

«እኔን ለምን አልፈለግከኝም?» አልኩት እያለቀስኩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣» አለ ሳይዞር፣ «ያለሽበት መጥቼ ተቀምጬ የለ?»

ሌንሴ በጎተራው አፍ የበቆሎዋን እኩሌታ አቀበለችኝ። ተቀበልኳት፤ አመሰገንኳት ግን አልልም።

አባቴ ለሌንሴ ያልኩትን ያን ቃል እስኪሞት ድረስ አላነሳብኝም። ስለ እግዚአብሔር የማያልቅ ፍቅር ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፣ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ዛሬም ቀናተኛ ነኝ፤ የሌላው ጸሎት ከእኔ ቀድሞ ሲመለስ «እኔስ?» እላለሁ። እንዲህ ባልኩ ቁጥር ያ ምሽት ትዝ ይለኛል። ይቅርታ አልጠየቅኩም፣ ከተሸሸግኩበትም ገና አልወጣሁም ነበር፤ አባቴ ግን ቀድሞኝ ዝናቡ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።