አንድ ጣት ክፍተት

የኔሰው በላሊበላ ከተማ በርና መስኮት እየበየደ የሚኖር ሰው ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሄዶ ፎቅ ላይ አሳንሰር ከሚገጥሙ ሰዎች ጋር ዓመታት ሠርቷል። አሳንሰርን የሚስበው ገመዱ ቢሆንም ሳይወላገድ የሚመሩት ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ሐዲዶች ናቸው። የኔሰው በዚያ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ሐዲድ እያቆመ በቱንቢ ሲያስተካክል ወጣትነቱን ጨረሰና ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሐዲድ ትዝ ብሎት አያውቅም።

ትዝ ያለው ሚስቱ ሽታዬ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ ነው። ቤታቸው እንደ ድሮው የላስታ ቤት በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ባለ ደርብ ነው። ምድር ቤቱ እርጥበት የማይለቀው፣ የእህልና የብረት ማስቀመጫ ነው፤ ሰው የሚኖረው ላይኛው ቤት ነው። መውረጃው ከውጭ በኩል ያለው ቀጥ ያለ የድንጋይ ደረጃ ብቻ ነው፤ ጤነኛውም ግድግዳ ይዞ ነው የሚወርደው። ሽታዬ ላይኛው ቤት ከቀረች ዓመት አለፋት። ከሁሉም የከበዳት የፍልሰታ ቅዳሴ ሲያመልጣት ነው።

«ጎረቤት ልጥራና በቃሬዛ እናውርድሽ» አላት የኔሰው።

«እኛ አገር ሰው በቃሬዛ የሚወጣው ወይ ሐኪም ጋ ወይ መቃብር ነው። ሐኪሙ ጋ ሄጄ መጥቻለሁ። ለሁለተኛው አታስቸኩለኝ።»

«እንግዲያውስ እኔ ልዘልሽ።»

«አንተንስ ማን ያዝልልኝ?» አለችና ሳቀች። ጉልበቱ ከሷ ዳሌ የማይሻል መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

ነገሩ በሳቅ ቢያልፍም «ልዘልሽ» ያላት ቃል ከጆሮው አልወጣ አለ። በቤታቸውና በጎረቤታቸው በደሳለ ግንብ መካከል ሰው በጎኑ የሚያልፍባት ጠባብ ስርጥ አለች። ለካት። ግራና ቀኝ ሐዲድ ከቆመ ለሽታዬ መቀመጫ የሚሆን ቦታ አይተርፍም። ተስፋ ቆርጦ በር ላይ ቁጭ ባለበት አንዲት ሴት ልጇን በአንቀልባ አዝላ በፊቱ አለፈች። ልጁ ግራም ቀኝም የደገፈው ነገር የለም፤ ያረፈው በእናቱ ጀርባ ላይ ብቻ ነው። የኔሰው ብድግ ብሎ በላሜራ ላይ በጠመኔ መሳል ጀመረ። ሐዲዱ አንድ ይሆናል፤ ከመቀመጫው ኋላ ግድግዳውን ተጠግቶ ይቆማል፤ መቀመጫው በሐዲዱ ይታዘላል።

ሁለት አንግል ብረት ጀርባና ጀርባ አገጣጥሞ በየደ። ከወንበሩ ኋላ ሐዲዱን ከፊትና ከኋላ ቆንጥጠው የሚይዙ ኩሽኔታዎች ገጠመ። ወደ ስርጧ የሚያየውን የላይኛውን ቤት መስኮት በር አደረገና ከላዩ በአግዳሚ ብረት ላይ ጋራዥ ቤት ሞተር የሚያወጡበትን ባለ ሰንሰለት ፓራንኮ አንጠለጠለ።

«አያ የኔሰው፣ ሰውን ሁሉ ወደ ሰማይ ሊያወጡት ነው?» አለው ደሳለ ከግንቡ ማዶ።

«ሰማዩ ይቆይህ። እኔ መሬት ማድረስ ነው ያቃተኝ።»

ስርጧ ጠባብ ናትና ከየቦታው ጣት ጣት የምታህል ቦታ እየለቀመ ቆጠበ። ሐዲዱን ከግድግዳው ጋር የሚይዘውን ማሰሪያ አሳጠረ፣ የወንበሩን መደገፊያ አሳሳ። የሐዲዱ እግር ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ትዝ አለው። አዲስ አበባ ሳለ አለቃው ከሐዲዱ እግር በታች ሁልጊዜ ክፍተት እንዲተዉ ያዛቸው ነበር። «ሕንፃ እያደር ወደ ታች ይቀመጣል፤ ሐዲድ መተንፈሻ ይፈልጋል» ይላቸው ነበር። የኔሰው ግን ያ ለአዲስ አበባ ጭቃ ነው አለ። የሱ ቤት የቆመው በዓለት ላይ ነው። ከዓለት በተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ያደገ ሰው ዓለት ይከዳኛል ብሎ አያስብም። ዓለቱን በመሮ ፈልፍሎ የሐዲዱን እግር ቀበረና በሲሚንቶ ደፈነው።

ሰኔ ሲገባ ወንበሩ ላይ ድንጋይ ጭኖ ሞከረው። ያለ አንዳች ድምፅ ወረደ፤ ወጣ። ሽታዬ ከላይ ሆና አየችውና፣ «አሁንስ ድንጋይ አደረግኸኝ» አለች። ግን ደስ ብሏት ነበር። ለወንበሩ የሚሆን ቀይ መከዳ ሰፋች። «አንዴ ወርደሽ እዪው» ሲላት እንቢ አለች።

«ለጨዋታ አልወርድም። የምወርደው ለፍልሰታ ነው።»

ሐምሌን ሙሉ ዘነበ።

የፍልሰታ ቅዳሴ የሚጀመርበት ቀን ረፋዱ ላይ ሽታዬ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ መከዳዋ ላይ ተቀመጠች። የኔሰው ታች ሆኖ ሰንሰለቱን ሳበ። ወንበሩ ወረደ፤ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ግን ሲጥ አለና ቆመ። ሰንሰለቱ በእጁ ላይ ላላ። ወንበሩ በሰንሰለቱ ሳይሆን በሐዲዱ ተይዞ ቀርቷል። ደንግጦ መልሶ ሳበ፤ አልወጣም። ቀና ብሎ ሲያይ ሐዲዱ እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ ፊት ተነፍቷል። የግድግዳው ጭቃ ዝናብ ጠጥቶ ወደ ታች ተቀምጧል። ግድግዳው ሲወርድ ሐዲዱ አብሮት ሊወርድ ፈለገ፤ ዓለቱ ግን ፈቀቅ አላለም። ዓለት ምን ጊዜም ፈቀቅ አይልም። የኔሰው የዘነጋው ዓለቱ ላይ የቆመው ጭቃ መሆኑን ነው።

«ምን ሆነ?» አለች ሽታዬ።

«ትንሽ ታገሽኝ።»

ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው በስርጧ አፍ ላይ እየቆመ ያይ ጀመር። ካፊያው በነጠላዋ ላይ ይወርዳል። አንዷ «ውይ እናቴ፣ ሲያሳዝኑ!» ስትል ሽታዬ ፊቷን ሸፈነች። በመጨረሻ ደሳለ መሰላልና ሰው ይዞ መጣ። ያመጣቸው ሰዎች ቃሬዛም ይዘዋል። የኔሰው ቃሬዛውን ባየ ጊዜ ሰንሰለቱን እንደያዘ ግድግዳውን ተደገፈ።

አውርደው ቃሬዛው ላይ ካስተኟት በኋላ ደሳለ ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ከወረዱ አይቀር ቤተ ክርስቲያን እናድርስዎት?» አላት።

«እንዲህ ሆኜ? ወደ ቤቴ መልሱኝ።»

ደረጃውን በቃሬዛ አወጧት። ቅዳሴው ከሩቅ ይሰማ ነበር።

በማግስቱ የኔሰው የሐዲዱን እግር ከዓለቱ በላይ ቆረጠው። አንድ ጣት ብቻ። ሐዲዱ ጓ ብሎ ጮኸና ቀጥ አለ። ድንጋይ ጭኖ አወረደው፤ እንደ ሰኔው ሁሉ ድምፅ ሳያሰማ ወረደ። ያችን ሁሉ ቦታ ሲቆጥብ ለሐዲዱ የነፈገው ይህችን አንድ ጣት ነበር። ደረጃውን እያነከሰ ወጥቶ ነገራት።

«አሁን እሺ ብሏል፣ ሽታዬ። ፍልሰታም ገና አላለቀ።»

ሽታዬ ፊቷን ከግድግዳው አላዞረችም። «ደግ አደረግህ» አለች። «እንግዲህ እህል አውጣበት። መከዳዬን ግን አንሳልኝ፤ እህል መከዳ አይፈልግም።»