የገናዧ ኦፕራሲዮን

ሥርጉት ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ ሴት በሞተች ቁጥር የምትጠራ ገናዥ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሬሳ አጥባለች፣ ዐይን ከድናለች፣ የእግር አውራ ጣቶችን በነጭ ፈትል አስራ ገንዛለች። በሽተኛ ስትጠይቅም አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና፣ «ምን ያስፈራል? እንቅልፍ እኮ ነው!» ትላለች፤ ደርሳ የተመለሰች ይመስል።

አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት አድጎ ትንፋሽ ቢያሳጥራት ልጇ ያምሮት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወሰደቻት። ሐኪሙ ዳብሶ አየና፣ «ካልወጣ ያንቅዎታል። ኦፕራሲዮን ነው። አይስጉ፣ ያስተኙዎታል» አላት።

«መተኛቱን ነው የማልወደው» ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ትንፋሽ አጠራትና ተመልሳ ተቀመጠች። ጀግናዋ ገናዥ!

በቀጠሮዋ ቀን አልጋ ላይ ጋደም ብላ አንድ ነገር ቆረጠች፤ ሞት ከመጣ አፍጥጣ ልታየው። ሁልጊዜ የምትደርሰው እሱ ከሄደ በኋላ ነው፤ ዛሬስ አያመልጣትም። ነርሷ ብርድ ልብሱን ገለጥ ስታደርግ የሥርጉት አውራ ጣቶች በፈትል ጥፍር ተደርገው ታስረዋል።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀበሌያችን ውስጥ ከእኔ በቀር አጥብቆ የሚያስር የለም፣ ልጄ። ሌላው ያላላዋል።»

ያምሮት ሳቋና እንባዋ ተደባለቀባት። ነርሷ ፈትሉን በመቀስ ቆረጠችው። ይኼኔ የሥርጉት እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ያምሮቴ፣ እንቅልፍ ነው የምለው ውሸቴን ነው። አላውቀውም።»

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ዝም ትይኛለሽ?»

ማደንዘዣው ሲገባ ዐይኗን አፈጠጠች። «አንድ» አለች። «ሁለት» ልትል አፏን ስትከፍት አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ያምሮት ግንባሯን ትዳብሳለች፤ መስኮቱ ላይ የነበረችው ፀሐይ ወደ ማዶ ዞራለች።

«አለቀ፣ እማዬ። ምን አየሽ?»

«ምንም» አለች በሻከረ ድምፅ። «ጨለማ እንኳ አልነበረም። ይኼን ያህል አፍጥጬ!»

ፍርሃቱም የዚያን ጊዜ የት እንደነበረ አታውቅም። አሁን ግን አብሯት ነቅቶ ደረቷ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል።

«ፈራሁ» አለች።

«አሁን? ዳንሽ እኮ!»

«መዳኔ ነዋ! ሌላ ቀን እንደ አዲስ ልሞት ነው።»

ሥርጉት የልጇን እጅ አጥብቃ ያዘችና፣ «እስቲ ሙቅ ይፈቀድልኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለች።