የምትወልቀው ክንፍ

ታናሽ ወንድሜ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ማረፊያ ተቀጥሮ እንግዶች ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ጠፍጣፋ ቦርድ ላይ ቆመው እንዲቀዝፉ ያስተምር ነበር። አንድ ቀን የቦርዱ ክንፍ፣ ማለትም አቅጣጫ እንዲይዝ ከሆዱ ሥር የምትሰካው ምላስ፣ ሐይቁ መሐል ወልቃ ሰጠመችበት። ቦርዱ እየዞረበት፣ ነፋስ ሲገፋው ውሎ ዓሣ አጥማጆች ደረሱለት። እናቴ ወሬውን አገር ቤት፣ አማኑኤል ከተማ ሆና ሰማች። እሷ በሕይወት እያለች ሁለተኛ ውሃ ላይ እንደማይወጣ ነገረችው፤ እሱ ደግሞ ከዚያ ሌላ ሥራ አልፈልግም አለ።

እኔ ደብረ ማርቆስ አናጢ ነኝ። መሐላቸው ገባሁና ክንፏን ካጠበቅኩለት ይሂድ፣ ካቃተኝ ይቅር አልኩ። እናቴ በዓይኗ ሳታይ እንደማታምን አስጠንቅቃ ተስማማች።

ቦርዱ ከትርፍ ክንፍ ጋር አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ መጣ። ብሎን የሚይዝበት ጥርስ ተበልቶ አልቋል። እንግዲህ የገበሬ ልጅ ምን ያስባል? ጠፍር። እኛ አገር ሞፈር ሲሰነጠቅ እርጥብ የቆዳ ጠፍር ይጠመጠምበትና ፀሐይ ላይ ይተዋል፤ ሲደርቅ ነክሶ ይይዛል። የክንፏን ሥር በስቼ ከቦርዱ ጋር ዙሪያውን ጠፈርኳት። ሲደርቅ በመዶሻ ብመታት ንቅንቅ አላለችም። ኩራቴ አይጣል ነበር።

እናቴን ይዘን ጨሞጋ ወንዝ ወረድን፣ ውሃው ረጋ ብሎ ከሚጠልቅበት። ወንድሜ ጥቂት እንደቀዘፈ ቦርዱ ይዞርበት ጀመር። ጠፍር ሲደርቅ የሚነክሰውን ያህል ሲርስ እንደሚላላ እንዴት እንደጠፋኝ እንጃ። ሞፈር ውሃ ውስጥ የሚነክር ገበሬ አላየሁማ። ተንጠልጥላ የወጣችውን ክንፍ እናቴ አየት አድርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መንገዱ ወጣች። ወንድሜ እንኳ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከራሴ ጋር ስጣላ ከረምኩና ነገሩን ገለበጥኩት። ውሃ የሚያላላውን ትቼ ውሃ የሚያጠብቀውን ፈለግሁ። ክረምት በገባ ቁጥር እያበጠ አልዘጋ የሚል በር እየላግሁ የምኖር ሰው ነኝ እኮ። ክንፏ የምትገባበትን ቦይ አስፍቼ፣ ግራና ቀኟን በደንብ የደረቀ የዋንዛ ሽብልቅ ወተፍኩባት። ዋንዛው ሲርስ ያብጣል፤ ሲያብጥ ክንፏን ጨምድዶ ይይዛል።

እናቴ ዳግመኛ የመጣችው ሲከሽፍ አይታ ልጇን ይዛ ለመመለስ ነው። አልደበቀችንም። ወንድሜ ቦርዱን ውሃ ውስጥ ነክሮ አቆየውና ወጣበት። ወደ ላይ ቀዘፈ፣ ወደ ታች ቀዘፈ፤ ቦርዱ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሲወጣ እናቴ ቦርዱን አስገለበጠችው። ክንፏን በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀች፣ ጎተተች፣ በጉልበቷ ተደግፋ ደግማ ጎተተች። ወይ ፍንክች።

«በል ሂድ» አለችው።

እፎይ ብዬ ሣሩ ላይ ዘጭ አልኩ። ደስ አለኝ፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወንድሜም እየሳቀ ቦርዱን ሊያነሳ ጎንበስ አለ፤ ግን አልነሳ አለው። ተነስቼ የእናቴን ጣቶች ከክንፏ ላይ አንድ በአንድ ያላቀቅኩላት እኔ ነኝ።